ደብተሬን ይዤ ወደ ቴፒ

ከቴፒ ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው፤ ቀኝ ጫማዬ ላይ የደረቀው ቀይ ጭቃ ግን እስከ ዛሬ አልለቅ ብሏል። ግራው የት እንደቀረ ቆይቼ አወራችኋለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከጅማ ወዲያ ያለውን አገር ሲወራ ሰምተው እንጂ ሄደው ለማያውቁ ሰዎች ነው። ስለ ፏፏቴና ስለ አራዊት የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ እኔ የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ፎርም ነው።

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን በሒሳቡ ሳይሆን በደብተሬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪያችን ሁሉ ምን ውጤት እንዳመጣ፣ ምን እንደመረጠና ምን እንደደረሰው እመዘግባለሁ። የተመኘው ለደረሰው በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደርግለታለሁ። ክረምት ሲገባ ወላጅ ደጄን ያጣብባል። “ጋሽ ታደሰ፣ እስቲ ደብተሩን ይዩልኝ፤ ልጄ ሕክምና ይደርሰዋል?” እገልጣለሁ፣ ከአምናና ከካቻምናው ጋር አስተያያለሁ፣ “ይደርሰዋል” ወይም “ሌላ ጻፉ” እላለሁ። ብዙ ጊዜ አልስትም። በዚህ አልኮራም ብል ውሸቴን ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶት፣ ከተማው አጥሩን ሁሉ ቀለም ሲቀባ፣ ያዕቆብ ቤቴ መጣ። ያዕቆብ የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሸኮ ነው፣ ተወልዶ ያደገው ቴፒ።

“ጋሽ ታደሰ፣ የእህቴ ልጅ ሩት ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጣች። ውጤቷ ይኸው።”

ወረቀቱን አየሁት። ደብተሬን ገለጥኩ፣ ደግሜ አየሁት። “ሕክምና፣ አዲስ አበባ ትጻፍ። እርግጠኛ መሆን ባይቻልም ዕድሏ ሰፊ ነው። ታዲያ ምን ቸገረህ?”

“ዲላ፣ መምህርነት ብላ ሞልታለች። በስልክ ለምኜ ለምኜ አልሰማ አለች። ፎርሙ የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። እርስዎ ደብተሩን ይዘው ቢነግሯት ግን...”

እንዲህ ሆነና ሁለት መምህራን አንዲትን ልጅ ከመምህርነት ለማዳን ተነሣን።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስን። ፍልሰታ ጾም ስለነበር ባለቤቴ ዘውዲቱ በሶና ቆሎ ቋጥራልኛለች፤ ደብተሬን ደግሞ በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ አድርጌያለሁ። ረዳቱ ዕቃዬን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲቀበለኝ “ይሄ አይወጣም” ብዬ ተጣላሁት። “አባባ፣ ወርቅ ነው እንዴ?” ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

እስከ ጅማ አስፋልት ነው፤ የሚወራ ነገር የለውም። ወልቂጤ ሽሮ በላን፣ ጊቤ ወርደን ላብ በላብ ሆንን፣ መልሰን ዳገቱን ስንወጣ በረደን። ጅማ ያደርንበት አልጋ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። ባለቤቲቱ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባችና ትራሴ ከነበረበት ቦታ ላይ ትክክል አስቀመጠችው። “አልጋውን ወዲህ ይሳቡት ጋሼ፤ ዝናቡ ቦታውን ያውቃል” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንድ ጠብታ እንኳ ከሳህኑ አልወጣም። የኛ ቤት ጣሪያ በየዓመቱ ሌላ ቦታ ነው የሚያፈስ፤ የሷ ይሻላል።

ረቡዕ

ከጅማ ወዲያ አስፋልቱ አለቀ። መኪናው ይዘላል፣ እኛም እንዘላለን። ከቦንጋ በኋላ ጫካው መንገዱን ከላይ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። እኔ ዛፍ ስባል የማውቀው ባሕር ዛፍ ነው፤ እዚህ ግን ከአንዱ ዛፍ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሏል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቀፎ ተሰቅሏል።

ሚዛን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። “ወንድ ውረድ!” አለ ረዳቱ። ወረድን። ገፋን። ሦስተኛው ግፊያ ላይ መኪናው ወጣ፣ ግራ እግሬም ወጣ፣ ጫማዬ ግን እዚያው ቀረ። ያዕቆብ እጁን እስከ ክርኑ እያስገባ ፈለገው። ወይ ጫማ! የለም። ሹፌሩም አንድ ጎማ ተንፍሶበት ኖሮ “አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ” አለን።

ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት ወጥታ አየችኝ፤ ባለ ኮት ሰውዬ በአንድ እግሩ ቆሟል። አማርኛዋ ጥቂት ነው። “ና፣ ግባ” ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ እግሬንም በለብታ ውኃ አጠበችኝ። ኧረ ተይ ብላት አልሰማችኝም። ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል፣ ከጎኑ በጣሳ የሚጨስ አረንጓዴ ነገር አቀረበች። ጨሞ ይሉታል። ቡናውን ሸጠው ቅጠሉን ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልተው የሚጠጡት ነው። አንዴ ፉት ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሴትዮዋ እስኪበቃት ሳቀች። ሁለተኛውን ጣሳ ግን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጭቃ የነካው የማያውቁት ሰው በር ቢያንኳኳ ማን ይከፍታል? እኔም አልከፍትም።

ሚዛን ስንገባ መሽቶ ነበር። እንደደረስን ተኛን።

ሐሙስ

ጠዋት ሚዛን ገበያ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ፤ የእግሬ ልክ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው። ኮት፣ ክራቫትና ሰማያዊ ኮንጎ። ያዕቆብ አፉን በእጁ ይዞ ዞረብኝ። “ሳቅ፣ አትፈንዳ” አልኩት።

በሚኒባስ በሸኮ ጫካ በኩል ወደ ቴፒ ቁልቁል ወረድን። አገሩ እየሞቀ ሄደ። ቴፒ ሰዉ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ቡናው ደግሞ እንደኛ ሰፈር ጎመን በየጓሮው አለ። የሩት እናት ወይዘሮ አስቴር ቡና ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ጣቶቿ አፈር የለመዱ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ለክብሬ ዶሮ አርዳ ጠበቀችኝ።

“ወይዘሮ አስቴር፣ ጾም ነኝ።”

እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጣለች። “ውይ በሞትኩት! እኛ ቤት እኮ ጾሙን የሚያስታውስ የለም፤ ጴንጤዎች ነን። ያዕቆብ፣ አንተ እንኳን አትነግረኝም?” ያዕቆብ ቀድሞ የዶሮውን እግር እየጋጠ ነበር። ሮጣ ሄዳ ጎመንና ቆጮ ሠራችልኝ፤ ብርዝም ጨመረችልኝ። እስክጠግብ አልተቀመጠችም።

ሩት ቀጭን ናት፣ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም። ፎርሟን አመጣችው። እዚያ መጀመሪያ በእርሳስ ይሞሉና ዓርብ መምህሩ ፊት በእስክሪብቶ ይደግሙታል። “መምህርነት፣ ዲላ” ይላል፣ በደንብ በተቀረጸ እርሳስ።

“ልጄ፣ ለምን?”

“ቃል ገብቻለሁ ጋሼ።”

“ለማን?”

ከደብተሯ መሀል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አምስት ስም፣ አምስት ፊርማ። ከላይ “አብረን እንሄዳለን” የሚል ተጽፏል። በአንድ ኳየር የሚዘምሩ አምስት ጓደኛሞች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ አንድ ዓይነት ዝርዝር፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሊጽፉ ተማምለዋል። እንዳይለያዩ ነው። እዚያ የተለመደ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ዝርዝሩ ደግሞ ከመካከላቸው ዝቅተኛ ውጤት ላላት ለዘነበች እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እሷ የማትገባበት ቦታ ላይ አራቱ ገብተው ምን ዋጋ አለው?

ደሜ ፈላ፣ አልዋሽም። በኛ ትምህርት ቤት ልጁ ምርጫውን ከጎረቤቱ ልጅ በክንዱ ከልሎ ነው የሚሞላው፤ ወላጅ ከወላጅ ይደባበቃል። እዚህ ደግሞ አንደኛ የወጣችው የመጨረሻዋን ዝርዝር ትገለብጣለች!

“ዲላ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መምህርነትም ክፉ አይደለም፤ እኔ ራሴ መምህር ነኝ” አልኩ፣ ድምፄ ከፍ እያለ። “ግን ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ አይደል?”

“እፈልጋለሁ።” ይህን ስትል ብቻ ዓይኗን አነሣች።

“ዕድሉ ደግሞ አለሽ! ይኸው ደብተሩ!”

“ቃሌስ?”

ወይዘሮ አስቴር ጣልቃ ገባች። “መምህር፣ እኔ አላስገድዳትም። ዶክተር ብትሆንልኝ ደስታዬን አልችለውም። ግን እዚያ ብቻዋን ስትሆን ምን እላታለሁ?”

ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱ መጡ፤ ወሬው ከተማውን ዞሮ ነበር። ከፊት ያለችው ረጅሟ ዘነበች ናት። መጀመሪያ ጫማዬን አየች። “ጋሼ፣ ኮንጎ ያምርብዎታል” አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ደብተሩን ልታየው ትችል እንደሁ ጠየቀች። ሰጠኋት። ቀስ ብላ ገለጠችው።

“ቀዩ ራይት ምንድነው?”

“የፈለገው የደረሰው ነው። ያ ልጅ ገብቷል ማለት ነው።”

“ከገቡት ውስጥ ስንቱ ጨረሰ?”

ደብተሩን ተቀብያት እኔም ገለጥኩ፤ የሌለ ነገር እየፈለግኩ መሆኑን እያወቅኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት የገባውን ነው። በር ላይ አድርሼ ነው የተመለስኩት።

“ከሰፈራችን አንድ ልጅ ሩቅ ደረሰውና ብቻውን ሄደ” አለች ዘነበች፣ እኔን ለማሳፈር ሳይሆን ለማስረዳት። “ጎበዝ ነበር። በመንፈቁ ተመልሶ መጣ፣ አሁንም ቤቱ ነው ያለው። እርስዎ ቢያውቁት ራይት ያደርጉለት ነበር። እኛ ወረቀቱን የጻፍነው ለዚያ ነው።”

ያዕቆብ “እኔንም ጠይቁኝ” አለ። “አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከዚህ አገር አንድ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ልብሴን ሳጥብ ለራሴ በሸኮኛ አወራ ነበር፤ ልጆቹ አበደ ብለው ከቧንቧው ይሸሹኝ ነበር። ለገና ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ላልመለስ። አውቶቡሱ ጅማ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆመ። አንድ የቴፒ ነጋዴ እዚያ አገኘኝና ሁለቱን ቀን እያበላ አወራኝ። በቋንቋዬ አወራኝ። ከዚያ ዞሬ ተመለስኩ። መኪናው ባይበላሽ ኖሮ ዛሬ መምህር አልሆንም ነበር።”

እህቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እሷም አልሰማችም ነበር። አሥር ዓመት በአንድ ሻይ ክበብ አብረን ሻይ ስንጠጣ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ጠይቄውም አላውቅም። አፈርኩ።

ዘነበች ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ አሰበች። ከዚያ “ሩትዬ፣ አዲስ አበባን ጻፊ” አለች።

“አልጽፍም።”

“ስሚኝ። እኛ አራት ነን፣ እርስ በርሳችን አለን። አንቺ ነሽ ሰው የሚያስፈልግሽ።” ወደ እኔ ዞረች። “ጋሼ፣ አዲስ አበባ እሁድ እሁድ የት ትበላለች?”

“አጎቷ አለ...” ብዬ ጀመርኩ።

“አጎቷ ላጤ ነው፣ የሚበላው ሆቴል ነው። ሴት ያለበት ቤት ነው የምጠይቅዎት።”

“እኔ ቤት” አልኩ። ከአፌ ወጣ።

“ቸርች ቅርብ አለ?”

“ከአጥሬ ጀርባ ነው። እሁድ እሁድ መዝሙራቸው አያስተኛኝም።”

“ባለቤትዎ እሺ ይላሉ?”

“ትላለች።”

“ይደውሉላቸው።”

ኔትወርክ የሚይዘው ቸርቹ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። በሰማያዊ ኮንጎ ዳገቱን ወጣሁ፣ አምስት ልጃገረዶች፣ ወይዘሮ አስቴርና ያዕቆብ ከኋላዬ። ዘውዲቱ ስልኩን ስታነሣ ደነገጠች።

“ምን ሆንክ? ታመምክ?”

“ደህና ነኝ። አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ከደረሳት፣ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ብትመጣ ምን ይመስልሻል?”

“ታደሰ፣ ከዚያ ደብተርህ ሰው ወጥቶ ቤታችን የመጣበት ቀን የለም እኮ” አለች። “ትምጣ። እሁድ ብቻ ለምን?”

ዘነበች ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ወሰደችው። “እትዬ፣ ሚጥሚጣ የሌለበት ምግብ አይበላላትም” አለቻት።

ጉብታው ላይ እንደቆምን ወረቀቱን አወጣች። ከአምስቱ ስም በታች “ታደሰ” ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ስንት የውጤት ካርድ ፈርሜያለሁ፤ የራሴን ቃል ስፈርም ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። “የደረሳት እንደሁ ነው” አልኩ ስፈርም፤ ሰፊ ዕድል ማለት እርግጥ ማለት አይደለምና። አንደኛው ምርጫ ቢስት ልጅቷ የት እንደምትጣል እግዜር ነው የሚያውቀው። ቀኑን ሙሉ ደብተሬን ይዤ ስፎክር ይህን በቅጡ አልነገርኳትም ነበር፤ ያን ጊዜ ነገርኳት።

“ገብቶኛል” አለች ሩት። “እሞክራለሁ።”

ዓርብ

ትምህርት ቤቱ ከመንገድ ዳር ነው፣ ግቢው የትላልቅ ዋርካዎች ጥላ አለው። ወላጅ ክፍል ስለማይገባ በመስኮት አየን። ሩት በላጲስ አጠፋች። እስክሪብቶ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች፣ መልሳ አነሣች። ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔም በበኩሌ እመቤቴን ለመንኩ። አራቱ ደግሞ ዲላቸውን ጻፉ። ዘነበች ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቀችልን። ሩት ፎርሙን ስታስረክብ መምህሩ አንብቦት ቀና ብሎ አያት፤ ምንም ሳይላት ከሌሎቹ ጋር ደረበው።

ቅዳሜና እሁድ

የመልሱ መንገድ አጭር ነው የሚባለው ውሸት ነው። ወይዘሮ አስቴር የደረቀ የቡና ቅጠልና ዝንጅብል ቋጥራልኝ ነበር። ጭቃው ጋ ስንደርስ ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩት፤ እግሬን ላጠበችኝ እናት ከሚዛን የገዛሁትን ሳሙናና ስኳር ሰጠኋት። አላወቀችኝም፣ ኮንጎዬን ስታይ ግን ሳቀች። የጫማዬን ነገር በምልክት ብጠይቃት ወደ ጭቃው እያሳየች እጇን አራገበች። በቃ፣ የአገሩ ሆኗል።

ቤቴ እንደገባሁ ደብተሩን አወጣሁና በየገጹ ዳር አንድ መስመር አሰመርኩ። ከላዩ “ጨርሷል” ብዬ ጻፍኩበት። አብዛኛው ባዶ ነው። ማታ ማታ ስልክ እያፈላለግኩ እደውል ጀመር። አንዳንዱ “ጋሼ፣ በሰላም ነው?” ብሎ ይደነግጣል። ሐኪም የሆነ አለ። አንዱ በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ ሚኒባስ ይነዳል፤ ለምን እንዳቋረጠ ጠይቄው ያን ሁሉ ሲነግረኝ ሻዬ ቀዘቀዘ። ለዚያም ልጅ ቀይ ራይት አድርጌለት ኖሯል።

ትናንት፣ ጳጉሜን በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ስልኬ ጮኸ።

“ጋሼ! ደረሰኝ! ሕክምና፣ አዲስ አበባ!”

ዘውዲቱ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ አለቀስክ ትለኛለች፣ እኔ ግን አላመንኩም። በስልኩ ውስጥ የልጆቹ መዝሙር ይሰማል፤ ከዚያው ከጉብታው ላይ መሆናቸው ነው።

“ሌሎቹስ?” አልኩ።

“ሦስቱ ዲላ ደርሷቸዋል።”

“ዘነበችስ?”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

“ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት” አለች ዘነበች። “ለሩት ራይት ያድርጉላት።”

“አንቺ ምን ደረሰሽ?”

“ዲላ ሳተኝ። ጎንደር ነው ያሉኝ።”

“ከማን ጋር?”

“ብቻዬን ነኝ።” ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። “ምንም አይደል። እዚያም ሰው አለ አይደል?”

“ስልኩን እንዳትዘጊው” አልኳት። ዘውዲቱ መብራቱን አጠገቤ አመጣችልኝ። የዘነበችን ትንፋሽ በጆሮዬ እየሰማሁ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈትኩና ጎንደር ገብቶ እዚያው የቀረ ሰው ስም መፈለግ ጀመርኩ።